አባባ የፈረሙለት እንግዳ

መካኒኳ የቪዛው ጥያቄ ውድቅ መሆኑን የሰማችው እጇ እስከ ክርኗ ዘይት ነክቶት፣ ፊቷን አንድ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ሆድ ሥር ቀብራ ሳለ ነው። ስልኳ መደርደሪያው ላይ ጢር አለ። ዘይት ባልነካው የጣቷ ጎን ከፈት አድርጋ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያም ስልኩን በግንባሩ ደፍታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንዱን ብሎን ፈታች፣ መልሳ አሰረችው፣ እንደገና ፈታችው። ለካ የምትሠራውን አታውቅም ኖሯል።

መልእክቱ አጭርና ጨዋ ነበር። በአመልካቹና በጋባዧ መካከል ያለው ግንኙነት በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም፣ ስለሆነም የጉብኝት ቪዛ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ይላል።

«በቂ ማስረጃ!» አለች ለመኪናው። «ምን ላድርጋቸው? ስልክ ይዤ ያመሸሁትን ሁሉ መቅረጽ ነበረብኝ?»

በሰፈሩ መካኒኳ ነው የምትባለው። ከአባቷ ቤት ፊቱን ለመንገዱ በሰጠው ክፍል ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ትጠግናለች። ልብስ ሰፊው፣ መጋረጃ ሰፊው፣ የድንኳን ሸራ የሚሰፋው ሁሉ መኪናውን ተሸክሞ ይመጣና «ስፌት ይዘልብኛል»፣ «ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ» ይላታል። እሷም መጀመሪያ ካቻቪቴ አታነሳም፤ ጆሮዋን ጠጋ አድርጋ «እስቲ ርገጡት» ትልና ታዳምጣለች። አርባን ልትደፍን ትንሽ የቀራት፣ ሳቋ ቅርብ፣ ቁጣዋም ከሳቋ ብዙ የማይርቅ ሴት ናት። ስለ ትዳሯ ቤተሰቡ ማንሳት ከተወ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ሲቆይ ሳሎን መሀል እንደ ተሰበረ ወንበር ይሆናል፤ ሁሉም ዞሮት ያልፋል እንጂ አንስቶ የሚጥለው የለም።

ሰውየው ባሕር ማዶ ነው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ አንድ ትልቅ የፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪኖቹን የሚጠግን ሰው ነው። እናቱ በልጅነቷ ከዚህ አገር የወጣች ሴት ነበረች፤ ቋንቋውን ያስተማረችው እሷ ናት። የተዋወቁት በሥራ ነው። መካኒኳ አንዲት እምቢተኛ መኪና ስትቸግራት አጭር ቪዲዮ አንስታ «ይቺን በሽተኛ የሚያውቃት አለ?» ብላ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈቻት። ቀልደኛው ሁሉ ቀለደ። ከመሀል ግን አንድ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ወፍራም የጎልማሳ ድምፅ፦ «አይዞሽ እናትዬ፣ እኔን ይድፋኝ! ጥፋቱ ከመርፌው አይደለም። የቦቢኑን ቤት ፈትተሽ ሥሩን እዪው።»

መካኒኳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ድምፁ የጠብደል ወንድ፣ ንግግሩ የአክስት! ሳቋን ስትጨርስ የታችኛውን ክር የሚይዘውን የቦቢን ቤት ፈታች፤ ሥሩ ተሰንጥቆ አገኘችው። «እውነትህን ነው» ብላ መለሰችለት። እሱም «እሰይ የኔ ልጅ!» አላት። ከዚያ ወዲህ ሳይነጋገሩ የዋሉበት ቀን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እንዲያው መተያየት ከተባለ። ፋብሪካው ወደ ሌላ አገር ለሥልጠና ሲልከው አውሮፕላኑ እሷ ከተማ አረፈ። ቪዛ ስለሌለው ከመንገደኞች አዳራሽ መውጣት አይችልም። እሷ ደግሞ መግባት አትችልም። በሁለቱ መሀል ረጅም የመስታወት ግድግዳ ነበር። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ፊት ለፊት ቆሙ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያወሩ ኖረው አፋቸው ተያዘ። ሲጨንቀው ከኪሱ አዲስ የቦቢን ቤት አወጣና መስታወቱ ላይ ለጥፎ አሳያት። «ወደ ብርሃኑ አዙረው እስቲ» አለችው። አዞረው። «በጎኑስ?» በጎኑ አሳያት። እንዲህ ሲሉ ጥሪው ደረሰና ሄደ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥታ የትንፋሿን ጉም ከመስታወቱ ላይ እየጠረገች «እህት፣ እዚህ ጋ ባትደገፊ» አለቻት። መካኒኳ ቤቷ እስክትደርስ ብቻዋን ስትስቅና ስታለቅስ ነበር።

ይህን ሁሉ ነው እንግዲህ በቂ ማስረጃ የለም ያሏት።

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ሄደች። ከፎቶ ኮፒ ቤት ጋር በተጋራ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ አንዱን መነጽር ግንባሩ ላይ ሌላውን አፍንጫው ላይ ያደረገ ሰው ነው። መልእክቱን አነበበና ከንፈሩን መጠጠ።

«እህቴ፣ ማረፊያውን ሆቴል ብለሽ ነው የሞላሽው?»

«አዎ። ምን ነውር አለው?»

«ፍቅረኛዬ ነው ትያለሽ፣ ሆቴል ታሳርፊዋለሽ። አንቺ እነሱን ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ቤተሰቧ አያውቀውም ነው የምትይው።»

«አያውቁትማ!»

«ይኸው እኮ፣ እሱን ነው የጻፉልሽ።» ከመሳቢያው አንድ ወረቀት መዘዘ። «ቤቱ የማን ነው? የአባትሽ? በቃ፣ ይቺን ናሙና እሳቸው ይፈርሙባት። አውቀዋለሁ፣ ቤቴ ያርፋል፣ ኃላፊነት እወስዳለሁ። ያለቀለት ነገር ነው።»

መካኒኳ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጸሐፊው ያለቀለት ነገር ነው ያለው አባቷን ስለማያውቃቸው ነው።

አባቷ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ መስኮቱ አጠገብ ባለች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር «ገደላት ማርሿን!» ወይም «ይሄኛው ደህና እጅ አለው» ይላሉ። ደግ ሰው ናቸው። ግን ቃል ላይ ግትር ናቸው። ጎረቤት እንግዳ መጣበትና «የለም በሉልኝ» ቢላቸው «አለ፣ ግን ሊያገኝዎት አልፈለገም» የሚሉ ዓይነት።

እሁድ ምሳ ላይ ነገሩን አነሳችው። ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቷም መጥታ ነበር።

«የስልኩ ሰውዬ?» አለች እህቷ። ቤት ውስጥ የሚጠራው እንዲህ ነው። «እሺ ቪዛውን አገኘ እንበል። ከአውሮፕላኑ ሌላ ሰው ቢወርድስ?»

«እትዬ፣ አይቼዋለሁ እኮ።»

«በመስታወት!»

አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ለረጅም ጊዜ በቅርብ አውቀዋለሁ ይላል። አውቀዋለሁ እንዴ?»

«አባባ፣ አንድ ፊርማ እኮ ነው።»

«እኔ ይህን ሰው የማውቀው በግድግዳ ነው። ስትስቂ እሰማለሁ፤ ምን እንዳሳቀሽ አላውቅም። ደስ እንዳለሽ አያለሁ፤ የምን ደስታ እንደሆነ አላውቅም። አንድም ቀን "አባባ፣ ይኸውልዎት" ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

መካኒኳ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። እውነት ነው፣ ብላቸው አታውቅም። ይስቁብኛል ብላ ነበር።

«እና እምቢ ነው?»

«እምቢ አላልኩም። የማላውቀውን አውቀዋለሁ ብዬ አልፈርምም። አገናኚኝና ልወቀው።»

ቀጠሮው ለሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት ሆነ። መካኒኳ ሰውየውን አስቀድማ አስጠነቀቀችው፦ አባቴ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዝምተኛ ናቸው፣ ቀልድ አታብዛ። እሱም ቃል ገባ። ቀኑ ሲደርስ ስልኩን የስኳር ዕቃ ላይ አስደግፋ አባቷ ፊት አቆመችው። ሰውየው ኮት ለብሶ፣ ክራባት አንቆት ታየ። እጅ ሊነሳ ጎንበስ ቢል ስክሪኑን የሞላው መላጣ ሊሆን የጀመረ አናቱ ብቻ ነበር። ቀና አለና በሙሉ ድምፁ፦

«እንደምን ዋልሽ አባባ! ጤናሽስ እንዴት ነው? እኔን ድፍት ያርገኝ፣ ወገብሽን ያምሻል አሉ!»

እህቷ አፏን በእጇ ከድና ወደ ኩሽና ሮጠች። አባቷ ስልኩን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ዞረው ከኋላቸው የቆመች ሴት እንዳለች ተመለከቱ።

«ማንን ነው?» አሉ።

የመካኒኳ ፊት ጋለ። «ምን ሆነሃል? አባቴን አንቺ ትላለህ?»

ሰውየው ግራ ተጋባ። «ምን አጠፋሁ? ለትልቅ ሰው አንቺ አይደለም የሚባለው?»

«ማን አለህ?»

«እናቴን አንቺ እላት ነበር፤ ትልቅ ስለሆነች። እሷ እኔን አንተ ትለኝ ነበር፤ ትንሽ ስለሆንኩ።» ድምፁ እያነሰ ሄደ። «ከእሷ በቀር ደግሞ በዚህ ቋንቋ ያወራሁት ሰው የለም… ከአንቺ በቀር።»

ነገሩ ያኔ ነው የተገለጠላት። ይህን ያህል ዘመን ሲያወራ የሰማችው ከእሷ ጋር ብቻ ነው፤ ሴት ስለሆነች አንቺ ሲላት ምኑም አልጎረበጣትም።

«ቆይ፣ እኔንም አንቺ የምትለኝ ሴት ስለሆንኩ ሳይሆን…?»

«አክብሬሽ ነዋ!» አለ፣ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል በሚል ዓይን።

አባቷ ተነሱ። ወገባቸውን ደገፍ አድርገው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉ። መካኒኳ ስልኩን ይዛ ፈዝዛ ቀረች። ሰውየው ክራባቱን እየጎተተ «አበላሸሁት አይደል?» ይላል። ምን ትበለው? አበላሽተኸዋል እንዳትለው አንጀቷ አልቻለም፣ አላበላሸህም እንዳትለው በሩ ተዘግቷል።

ከዚያ ከመኝታ ቤቱ አንድ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሳል መሰላት። እህቷ ከኩሽና ብቅ አለች፤ ሁለቱም ጆሯቸውን አቀኑ። ሳል አልነበረም። አባታቸው እየሳቁ ነበር፤ ይቆም ይመስልና «ወገብሽን!» ሲሉ እንደገና ይነሳባቸዋል። እናታቸው ካረፉ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ የሰማቸው የለም። እህቷ ሳቁ ተጋብቶባት ወንበር ላይ ተዘረፈጠች፤ ቀጥላም ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ዓይኗን ጠረገች።

አባባ በሩን ከፍተው ዓይናቸውን በመሐረብ እያበሱ መጡ።

«አለ ወይስ ዘጋው?»

«አለሁ አባባ» አለ ከስልኩ ውስጥ የፈራ ድምፅ።

«ስማ አንተ ልጅ። ትልቅ ሰው እርስዎ ነው የሚባለው። በል፣ ከእኔ ጋር ድገም። እንደምን ዋሉ።»

«እንደምን ዋሉ።»

«ወገብዎን።»

«ወገብዎን» አለ ሰውየው። ከዚያ ፈገግ አለ። «ያምዎታል አሉ።»

«ያመኛል» አሉ አባባ፣ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ እየሳቡ። «የሾፌር ወገብ ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። አባባ በየቀኑ «ያ ልጅ አልደወለም?» ማለት ጀመሩ። በስልክ ያስተምሩታል፤ እሱ ያጠፋል፤ ይስቃሉ። አንድ ቀን እንደ መንጃ ፈቃድ ፈታኝ ድምፃቸውን አጥብቀው «ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» አሉት።

«እኔ ብስክሌት ነው ያለኝ አባባ። እግሬን አወርዳለሁ።»

«ጫማህ ያልቃል!»

«ከእኔ ጫማዬ ይለቅ።»

ይህ መልስ አባባን ሳምንት ሙሉ ደስ ሲያሰኛቸው ሰነበተ። መንገድ ላይ ያገኟቸውን የጥንት ባልደረቦቻቸውን ሁሉ እያቆሙ ነገሯቸው። ሌላ ቀን ደግሞ መካኒኳ ከሱቅ ስትገባ ሁለቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጫወቱ አገኘቻቸው። ሰውየው ስለ እናቱ እያወራ ነበር። ካረፈች በኋላ ቋንቋው እንዳይጠፋበት ብስክሌቱ ላይ ሆኖ ለብቻው ያወራ እንደነበር፣ የቃላቱ ድምፅ እየራቀው ሲሄድ እሷም አብራ የምትርቅ ይመስለው እንደነበር ነገራቸው። አባባ ብዙ አልመለሱለትም። «እኛ ቤት ሁሉም ሰው ሲያወራ ነው የሚውለው፤ ትሰለቸው እንደሆነ እንጂ አይጠፋህም» ብቻ አሉት።

መካኒኳ ግን ወረፋ ማጣት ጀመረች።

«አባባ፣ የእኔ እኮ ነው!»

«ትንሽ ቆዪ፣ ጨዋታ ይዘናል።»

የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ አባባ ራሳቸው «ያቺ ወረቀት የት ደረሰች?» አሉ። ጫማቸውን አስጠርገው፣ ኮታቸውን ደርበው ከልጃቸው ጋር ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ሄዱ። ጸሐፊው ናሙናውን አቀረበላቸው። አባባ እስክሪብቶ ተቀብለው «ለረጅም ጊዜ በቅርብ» የሚለው ላይ መስመር አሰመሩበት። ቀጥሎ ያለውንም ሰረዙት። ወረቀቱ ሲያልቅ ከላይ እስከ ታች የተሰረዘ ሆነ።

«ንጹሕ ወረቀት ስጠኝማ» አሉት።

በዚያ በጡረታ ጊዜ እንኳ ባልተዋቸው ቀጥ ያለ ጽሑፋቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ይህን ሰው ከዘንድሮው ዝናብ መግቢያ ጀምሮ በስልክ አውቀዋለሁ። በአካል አላየሁትም። ልጄ በአየር ማረፊያ መስታወት ማዶ ቆሞ አይታዋለች። ሠራተኛ ሰው ነው፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ቤቴ ክፍል አለ። ቢመጣ ደስ ይለኛል።» ፈረሙበት።

ጸሐፊው ሁለቱንም መነጽሮች አወለቀ። «አባቴ፣ አላየሁትም ብለው ከጻፉማ ይከለክላሉ!»

«አላየሁትማ።»

አባባ ወገባቸውን ሊያፍታቱ ወደ ውጭ ሲወጡ ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሌላ ናሙና አለኝ። አንቺው ፈርሚበትና እናስገባው። ማን ያውቃል?»

መካኒኳ በመስኮቱ አሻግራ አየች። አባቷ የእግረኛ መንገዱ ዳር ቆመው የሚያልፍ አውቶቡስ ያያሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ ወደ ናሙናው ሸርተት ብሎ ነበር። እንደገና ተከለከለ የሚል መልእክት ብታይ ምን እንደምትሆን አታውቅም። እጇም ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር። ግን ሰውየው ቤታቸው ገብቶ አባባ ፊት ሲቀመጥ፣ እሷ በውሸት ፊርማ ያስገባችው እንግዳ ሆኖ ሲቀመጥ ታያት፤ ደስ አላላትም።

«የእሳቸውን ነው የማስገባው» አለች።

«የራስሽ ጉዳይ» አለ ጸሐፊው፤ ፎቶ ኮፒ ሲያደርግላት ግን በጥንቃቄ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጥበቃ ሆነ። መካኒኳ እንቅልፍ አጣች፤ የሰው መኪና ገጣጥማ ስታበቃ ብሎን ይተርፋታል። ሰውየው በበኩሉ የዓመት ፈቃዱን ጠይቆ ሻንጣ ገዝቶ፣ ሻንጣውን ላለማየት አልጋ ሥር ገፍቶት ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። አባባ አነሱት። መካኒኳ ከሱቋ ጋር በሚያገናኘው በር በኩል «አዎ፣ እኔ ነኝ። ከቪዛ ክፍል?» ሲሉ ሰማችና ካቻቪቴዋን እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ተገተረች።

«አዎ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት… አዎ ልጄ፣ በአካል አላየሁትም… እሷ? በመስታወት ነው ያየችው። አይ፣ አልነካችውም፤ መስታወት ነው እኮ የምልሽ።»

መካኒኳ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተመልሶ ይሄዳል ወይ?» አባባ አሰብ አደረጉ። ይህን ያህል ያሰቡት ለምን ይሆን አለች በልቧ። «እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ቢቀር ደስ ይለኛል።»

«አባባ!» አለች መካኒኳ ድምፅ በሌለው ድምፅ። በካቻቪቴዋ አንገቷን እንደ መቁረጥ እያደረገች አሳየቻቸው። አባባ በእጃቸው ዝም በይ አሏት።

«እሱ ግን አይቀርም። ፋብሪካው ውስጥ የእሱን እጅ የሚጠብቁ መኪኖች አሉ፤ ቃልም ሰጥቷቸዋል። እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ሳሳፍር ነው የኖርኩት፣ ልጄ። ሳይከፍል ሊወርድ ያሰበ ሰው ገና ሲሳፈር ያስታውቀኛል። ይሄ እንደዚያ አይደለም… እንዴት ቀረባችሁ? ኧረ እሱንስ ተይው! የመጀመሪያ ቀን ምን ብሎ እንደጠራኝ ታውቂያለሽ?»

ነገሯት። ከወገባቸው ጋር ነገሯት። መካኒኳ ቆማ ስትሰማ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን የሴት ሳቅ ሾልኮ ወጣ፤ ሊታፈን ተሞክሮ ያመለጠ ሳቅ። አባባ ስልኩን ሲዘጉ «ጨዋ ልጅ ናት» አሉ፣ ሌላ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስልኳ ጢር አለ። መካኒኳ በዚህ ጊዜ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከዚያ ከፈተችው። ተፈቅዷል። የጮኸች መሰላት እንጂ ድምፅ አልወጣትም። ሰውየው ጋ ደወለች፤ እዚያ ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። «ውይ እናቴ ድረሽ!» አለና አልጋው ሥር ገብቶ ሻንጣውን ሲጎትት ሰማችው፤ ጭንቅላቱን ሲመታም ሰማችው።

ወደ አየር ማረፊያ ሦስቱም ሄዱ። እህቷ «ሌላ ሰው ከወረደ እኔ ነኝ የምመልሰው» እያለች ከሁሉም ፊት ቆመች፤ ግን ከማለዳ ጀምራ የእንግዳውን ክፍል አንሶላ ሁለቴ የቀየረችው እሷ ናት። በሩ በተከፈተ ቁጥር መካኒኳ አንገቷን ታሰግጋለች። መጨረሻ ላይ ወጣ። ከምታስታውሰው አጠር ያለ፣ ከምታስታውሰው ሰፋ ያለ ሰው ነው፤ አንዱ የጫማ ክሩ ተፈቷል። አያት። ሁለቱም ቆሙ። እጇን ትዘርጋ፣ ትቀፈው፣ ምን ታድርግ? እሱም እንደ እሷ ሻንጣውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይይዛል። አጠገቡ ስትደርስ የሳሙና ሽታ ሸተታት፤ ሰው ይሸታል የሚል ነገር በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ትዝ ብሏት አያውቅም ነበር። እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው ግንባሯ ኮቱ ላይ አረፈ። «መጣሁ» አላት። «አየሁ» አለችው። ሌላ የተባለ ነገር የለም።

አባባ ተራቸውን ጠበቁ። ሰውየው ቀና ብሎ ሲያያቸው ሻንጣውን ጥሎ ጎንበስ አለ፦ «እንደምን ነዎት አባባ? ወገብዎስ እንዴት ነው?» አባባ ዙሪያውን ያለውን መንገደኛ ሁሉ በኩራት አዩ። ከዚያ ሰውየው ወደ ነርሷ ዞረና፣ አንቺ ማለት እንደገና እንዳያሳስተው ፈርቶ፣ በተመሳሳይ አክብሮት «አንተስ ደህና ነህ?» አላት።

«እኔን እንዴት እንደምትጠራኝ ያስተማረህ የለም» አለች እህቷ፣ ሻንጣውን እየነጠቀችው።

የተፈቀደለት ጊዜ ሲያልቅ በቃሉ መሠረት ተመልሶ ሄደ፤ ይህን አሁኑኑ ብንናገረው ይሻላል። ግን ከመሄዱ በፊት ያለውን አንድ ከሰዓት መተው አይሆንልንም።

ፀሐይ በሱቁ በር ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ሰውየው የአንድ መጋረጃ ሰፊ መኪና ፈትቶ ይጠርጋል፤ መካኒኳ ቺንጋ ትቀይራለች። ዘይቱ በመሀላቸው ነው፤ የፈለገ እጁን ይዘረጋል። እንዲህ ሆነው ብዙ ቆዩ። መካኒኳ በድንገት አንድ ነገር አስተዋለች፦ ከተቀመጡ ጀምሮ ማንም ምንም አላለም። ስልክ ላይ ሲሆኑ ትንሽ ዝም ካሉ አንዳቸው ደንግጠው «አለህ?»፣ «አለሽ?» ይላሉ፤ ሌላው «አለሁ» ይላል። አሁን ማንም አልጠየቀም። ትንፋሹን ትሰማለች፤ ብሩሹ ብረቱን ሲፍቅ ትሰማለች። ደስ አላት። ደስ ያላትን ነገር ልትነግረው ፈለገችና ዝምታውን እንዳታፈርሰው ተወችው።

ያፈረሰው እሱ ነው። ቀና ሳይል፣ ብሩሹን ሳያቆም፦

«በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ በጉብኝት ባልመጣስ?»

«በምን ልትመጣ?»

«ባሏ ነኝ ብዬ።»

መካኒኳ ቺንጋውን ጎማው ላይ አስገብታ በጣቷ ሳበችው፤ ላላ ብሏል፤ ትንሽ አጠበቀችው። ጉንጯ ላይ የዘይት መስመር ነበረባት፤ ዕድሜ ልኳን ዘይት ነክቷት እንዲህ ያፈረችበት ቀን አልነበረም።

«አባባን ጠየቅሃቸው?»

«ጠየቅኋቸው። እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ እሷን ጠይቃት አሉኝ።»

«እኔማ ካወቅሁህ ቆየሁ» አለች። «እፈርማለሁ።»

እሱ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት በሩ ጨለመ። አንዲት ሴት ከባድ የስፌት መኪና ታቅፋ ገብታ፣ «መካኒኳ፣ ኧረ ድረሽልኝ፣ ዛሬ ጭራሽ አልሽከረከር አለችኝ!» አለች። ሁለቱም እኩል ተነስተው ሊቀበሏት ሄዱ።